የሊቶ መርዶ

ፊልም አልቆ የማያልቅለት ሰው በየከተማው አንድ አንድ ተመድቧል። መዳቢው ማን እንደሆነ አላውቅም እንጂ ምደባውስ ፍትሐዊ ነው። ደሴ አንድ አላት፤ ወልድያ አንድ አላት፤ ሹፌሮች ምሳ በልተው የሚያልፉባት ጋሸና እንኳ የራሷ አንድ አላት። እናንተም ታውቁታላችሁ። ሰው ሁሉ የሱሪውን አቧራ አራግፎ ወደ በሩ ሲጋፋ እሱ ከአግዳሚው አይነሳም። መዳፉን ዘርግቶ መንገድ ይዘጋል። "ቆይ፣ ቆይ፣ ወዴት ነው? ቁጭ በሉ እንጂ፤ ይኼ ነገር አልተዋጠልኝም" ይላል። ቁጭ ካላችሁ ቀኑ አለቀ ማለት ነው።

ለላሊበላ የደረሳት ጥሩሰው ነበር። በ1988 ዓ.ም. የአንደኛ ደረጃ መምህር ሆኜ ተመድቤ ስሄድ፣ መጀመሪያ እግሬ የጣለኝ እሱ ደጃፍ ላይ ነው፤ የሱሪዬ ዚፕ መንገድ ላይ ተበላሽቶብኝ ነበር። ጥሩሰው ልብስ ሰፊ ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያኖቹ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ በረንዳ ላይ፣ በእግር በምትረገጥ የስፌት መኪና ሱሪ ያጠብባል፣ ኮት ይገለብጣል፤ የገና በዓል ሲቃረብ ደግሞ ሌላውን ሥራ ሁሉ ትቶ የካህናቱን ጥላ ዘርፍ ይሰፋል። ዚፔን እያበጀ በየት በኩል እንደመጣሁ ጠየቀኝ። በጋሸና አልኩት። አውቶቡሱ በኩልመስክ በኩል መምጣት ነበረበት ብሎ ግማሽ ሰዓት ተከራከረኝ። እኔ እኮ ደርሻለሁ፤ ፊቱ ቆሜአለሁ፤ እሱ ግን የመጣሁበት መንገድ አልተዋጠለትም።

ክርክሩ ያለ ትምህርት የመጣ እንዳይመስላችሁ። ልጅ ሆኖ ሰባት ዓመት የቆሎ ተማሪ ነበር። ቅኔውን ጨርሶ ትርጓሜ ቤት ገብቶ ነበር፤ ትርጓሜ ቤት ደግሞ አንዱን ቃል "አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው" እያሉ በአምስትና በስድስት መንገድ የሚያፍታቱበት ጉባኤ ነው። አባቱ ሲሞቱ እናቱንና ታናሽ ወንድሙን የሚያሳድር ጠፋና ትምህርቱን ጥሎ መርፌ ያዘ። ጉባኤውን ለቀቀ እንጂ "አንድም"ን አልለቀቀም። የተቀደደ ኮት ብትወስዱለት ኮቱ እንዴት እንደተቀደደ በሦስት መንገድ ይተረጉምላችኋል። ስለዚህ "ሊቀ ሊቃውንት ዘቤተ ቪዲዮ" የሚል ማዕረግ ሰጠሁት። እኔ የሰጠሁት ለቀልድ ነው፤ እሱ የተቀበለው በሙሉ ክብር ነው።

ስንቱን ልንገራችሁ። አንድ የህንድ ፊልም ክፉው ሰውዬ ሳይቀጣ አለቀ ብሎ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቪዲዮ ቤት አልገባም፤ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ደጃፉ ላይ እየቆመ የሚገባውን ሰው ሁሉ ሲገሥጽ ይውላል። የአንድ ዘመዱ የሠርግ ካሴት ሲታይ ሙሽራው ከአማቶቹ ፊት የቀረበበት ቦታ ተሳስቷል ብሎ እንደገና ይቀረጽ አለ፤ ሙሽሪት የስድስት ወር እርጉዝ ነበረች። የቀበሌ ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ "በሙሉ ድምፅ ጸድቋል" ብሎ ደብተሩን ሲያጥፍ፣ ጥሩሰው ከኋላ ተነሥቶ እኔ ዘንድ ገና አልጸደቀም አለ። በዚያ ዘመን እንዲህ የሚል ሰው ብዙ አልነበረም። ሊቀመንበሩ ሳቀ፤ ሊቀመንበሩ ሲስቅ ቤቱ በሙሉ ሳቀ፤ ጥሩሰውም በዚያው ተረፈ።

ቪዲዮ ቤቱ የአያ ታፈረ ነበር። የባሕር ዛፍ አግዳሚዎች፣ በጥቁር ጨርቅ የተሸፈነ አንድ መስኮት፣ ከኋላ በኩል እየሳለ የሚሠራ ጄኔሬተር። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ገበያው ሲሳሳ፣ ይሞላል። አያ ታፈረ ትንሽ የሚናገሩ፣ ብዙ የሚያዛጉ ሰው ናቸው። ስለማንኛውም ፊልም የሚሰጡት አስተያየት አንድ ብቻ ነው፤ "አልቋል" ይላሉ። ከጥሩሰው ጋር እንዴት እንደሚጣጣሙ አስቡት።

በ1995 ጥቅምት ላይ አያ ታፈረ ከደሴ ተከታታይ ፊልም አስመጡ። የሥዕል ፊልም ነው፤ የልጆች ነው ብለን ንቀን ገባን። በካሴት እየተቀዳ በሹፌር እጅ በሳምንት አንድ ክፍል ይላክልናል፤ አሥራ ሦስት ክፍል ነው ተባለ። እኛ "የሰማይ መርከብ" አልነው። ታሪኩ ቀላል ነው። ውኃዋ የደረቀባት አንዲት ዓለም አለች። ሰዎቿ በትልቅ መርከብ ተጭነው ሌላ ዓለም ፍለጋ በከዋክብት መካከል ይሄዳሉ። መርከቧን የሚያዝ አንድ ጢማም ሰው አለ፤ ሻምበል አልነው። ሊቶ የሚባል ወጣት አብራሪ አለ። የሊቶ እናት የመርከቧ ምግብ አብሳይ ናት።

ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። የሚተረጉምልን አስጎብኚው አረጋ ነበር። የአረጋ እንግሊዝኛ በቤተ ክርስቲያኖቹ ዙሪያ የተማረው ነው፤ ከዚያ ሲወጣ ይደክመዋል። መርከቧ መጀመሪያ ስትታይ "ከአንድ ወጥ ብረት የተፈለፈለች ናት" ብሎ ተረጎመልን፤ እስከ መጨረሻውም እንዲያ ብለን አመንን። አረጋ አንድ ዐረፍተ ነገር ሲተረጉም ጥሩሰው ሦስት "አንድም" ይጨምርበታል። አልጣሽ፣ ደጃፉ ላይ ሻይና ቆሎ የምትሸጠው፣ መጋረጃውን በአንድ እጇ ገልጣ ቆማ ታያለች፤ ሻይ ፈላጊ ከኋላዋ ቢጮህም አትዞርም። አባ ወልደ ኪዳን ደግሞ ለካህን ቪዲዮ ቤት መግባት አይሆንም ብለው ከውጭ ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ድምፁ በጭቃው ግድግዳ አልፎ ቢመጣ እሳቸው ምን ያድርጉ? ስንወጣ ግን "ያች መርከብ ዛሬስ ምን ገጠማት?" ብለው ይጠይቃሉ፤ ግማሹን ሰምተውታል፤ ግማሹን ነው የሚፈልጉት።

ክፍል ስድስት ላይ ጠላት መርከቧን ከበበ። ሊቶ ትንሿን በራሪ ይዞ ብቻውን ወጣ፤ ጠላት እሱን ተከትሎ እንዲሄድና መርከቧ እንድታመልጥ ነው። መርከቧ አመለጠች። የሊቶ ሬዲዮ ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ በየክፍሉ እናቱ ለሁሉም ሰው ምግብ ስታቀርብ የሊቶንም ሳህን ታቀርባለች፤ ሌሎቹ ሲያነሱ የሱ ሳህን እንደሞላ ይቀራል።

አሁን ስለ ጥሩሰው ወንድም ልንገራችሁ፤ ሳልነግራችሁ ብቀጥል ክርክሩ የሥዕል ፊልም ክርክር ይመስላችኋል። ታናሹ ምስጋኑ ይባላል። በ1991 ጦርነቱ ሲጠናከር ወደ ሰሜን ግንባር ሄደ። ሁለት ደብዳቤ ጻፈ፤ ከዚያ ዝም አለ። ጦርነቱ ቆመ፤ የሚመለሰው ተመለሰ። ላልተመለሱት መርዶ መጣ፤ አንድ ሰሞን ከላይ ሰፈርም ከታች ሰፈርም በየማለዳው ጩኸት እንሰማ ነበር። እነጥሩሰው ቤት ግን ማንም አልመጣም። እናቱ እትየ የሺሃረግ ለቅሶ ቤት ሲሄዱ ከሁሉ ኋላ ነበር የሚቀመጡት፤ እኔ ገና የእናንተን ወንበር አልወረስኩም የሚሉ ይመስል ነበር። እኛም አንጠይቅም። ጥሩሰውን ስለማንኛውም ነገር መጠየቅ ይቻላል፤ ስለ ወንድሙ ግን አይቻልም።

ቅዳሜ ማታ ማታ ጥሩሰው ያየነውን ክፍል ከነትርጓሜው ለእናቱ ይተርክላቸዋል። እትየ የሺሃረግ ቪዲዮ ቤት ገብተው አያውቁም፤ ሊቶን ግን ከሁላችንም በላይ ያውቁታል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሳገኛቸው ሰላምታውን ሳይጨርሱ "ያ ልጅ አልገባም አሉ" ይሉኛል፤ ገና ነው እላቸዋለሁ። የጥምቀት ሰሞን እጄን ይዘው ቆሙ። "መምህር፣ ልንገርህና አትሳቅብኝ፤ እሱ ከገባ የኔውም ይገባል ብዬ በልቤ ይዣለሁ። ሞኝ ነኝ አይደል?" አሉኝ። አይደሉም አልኳቸው። ሌላ ምን እላለሁ? የዚያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ የአንዲት እናት ተስፋ በደሴ ቪዲዮ ቤት ካሴት ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው።

ክፍል አሥራ ሦስት የመጣው ጥር መጨረሻ ላይ ነው። ቤቱ ሞልቶ ሰው በሰው ላይ ተቀምጧል። አባ ወልደ ኪዳን ከግድግዳው አልፈው የበሩ ጥግ ደርሰዋል። ጥሩሰው ከፊት አግዳሚ ላይ፣ ሁለት እጁን ጭኖቹ መሃል አድርጎ ተቀምጧል።

ገና ከመጀመሩ ሻምበሉ በመርከቧ ጠባብ መተላለፊያ ሲመጣ ታየ። የሊቶ እናት ሳህን ይዛ ቆማለች። ሻምበሉ አጠገቧ ሲደርስ እርምጃውን አልገታም፤ ፊቱንም አላዞረም። አንድ ነገር ብሎ አለፈ። አረጋ ወደ ጥሩሰው ዞረ።

"ምን አለ?" አለው ጥሩሰው።

"ሊቶ አይመለስም፣ አለ" አለ አረጋ።

ከዚያስ? ከዚያማ ወዲያው አዲሲቱ ዓለም ታየች። ሣር፣ ወንዝ፣ ርችት፣ ጭፈራ። የሊቶ እናት ሰው መሃል ቆማ እያጨበጨበች ትስቃለች። ሙዚቃው ከፍ አለ፤ ስም ዝርዝሩ ከታች ወደ ላይ መሄድ ጀመረ፤ ካሴቱ አለቀ። አያ ታፈረ እንኳ "አልቋል" አላሉም። የዚያን ዕለት ማንም ቁጭ በሉ ሳይለን ሁላችንም ቁጭ እንዳልን ቀረን።

መጀመሪያ አረጋ ተናገረ። ደራሲው ደክሞታል፤ አሥራ ሁለት ክፍል ለፍቶ በአሥራ ሦስተኛው ቤቱ መሄድ አምሮታል አለ። አያ ታፈረ የራሳቸው ካሴት ነውና ተከላከሉ፤ ቢያንስ ከሚፈልጉት አገር ደርሰዋል፣ ሌላ ምን ይፈለጋል አሉ። ከኋላ አንዱ ብስጭት ብሎ እኔ ለዚህ ነው ወይ ሰባት ቅዳሜ ገበያዬን ጥዬ ልጁን የጠበቅኩት አለ። ጫጫታ ሆነ። ሁሉም የሚጠብቀው ግን ጥሩሰውን ነው፤ ሁላችንም ዛሬ ማታ እቤቱ ምን ይዞ እንደሚሄድ እናውቃለን።

ጥሩሰው ተነሣ። ጉሮሮውን ጠራረገ። "ይኼ ክፍል አልተዋጠልኝም" አለ፤ ድምፁ ግን እንደወትሮው አልሞላም። ከዚያ ትርጓሜውን ጀመረ። አንድም ሻምበሉ ሰው እንዳይረበሽበት ብሎ ዋሽቶ ነው። አንድም ሊቶ ሌላ ዓለም ላይ አርፎ ሬዲዮው ተሰብሮበት ነው፤ ሬዲዮ የተሰበረበት ሁሉ ሞተ አይባልም። አንድም ደሴ ሲቀዱት የቆረጡት ክፍል አለ፤ አያ ታፈረ ሰው ልከው ሙሉውን ያስመጡ። ሬሳ ያየ አለ? የለም። የወደቀበትን ያየ አለ? የለም። እንግዲያው በምን ማስረጃ ነው የሚሞተው?

ሰዉ አዘነለት። ልክ ነው፣ አልሞተም፣ አሉ ከፊት ያሉት። ቆርጠውት ነው አለ አንዱ። አያ ታፈረ ሳይቀሩ፣ ለሹፌሩ እነግረዋለሁ፣ ተቆርጦ ይሆናል አሉ፤ እንዳልተቆረጠ ግን እያወቁ ነው። ነገሩ እዚያው ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ጥሩሰውም ለእናቱ የሚነግረው ነገር ይዞ ይሄድ ነበር።

እዚያ እንዳያበቃ ያደረግኩት እኔ ነኝ። መምህር መሆን ክፉ ነው፤ ሰው ሲሳሳት ዝም ብሎ ማለፍ ያቅታል። ደግሞም ሰባት ዓመት ሙሉ በክርክር ሲረታኝ ኖሯል፤ ዛሬ ሐቁ በእጄ ነው። "ጥሩሰው፣ ልጁ ሞቷል። ፊልሙ ነግሮናል፤ አልሰማ ያልከው አንተ ነህ" አልኩት።

ያልኩት ነገር የገባኝ ካልኩት በኋላ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር። ጥሩሰው ቀስ ብሎ ተቀመጠ። የቀኝ እግሩ ብቻ የስፌት መኪናዋን እንደሚረግጥ ወለሉን ይመታ ነበር።

ያኔ የተናገረችው አልጣሽ ናት። መጋረጃውን ለቃ ወደ ውስጥ ገባች። አልጣሽ የባሏን መርዶ የሰማችው ገበያ መሃል፣ ጨው እየገዛች፣ ካንድ ከማታውቀው ሰው አፍ ነው፤ ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ሞቱንስ እሺ፣ ሞት ያለ ነው፣ አለች። እኔን ያናደደኝ ሞቱ አይደለም። መርዶ እንዲህ ይነገራል? ቆማ? ሳህን ይዛ? ሰውዬው እያለፈ? ለዚህች ሴት በዚያ ሁሉ መርከብ ውስጥ አጠገቧ የሚቀመጥ አንድ ሰው ጠፋ?

ክርክሩ ያኔ ዞረ፤ እንዲህ ያለ ክርክር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼ አላውቅም። የሊቶ መርዶ እንዴት መነገር ነበረበት ተባለ። ሰዉ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነውና ሁሉም አፍ አወጣ። ማለዳ ነው እንጂ ቀን አይሆንም አለ አንዱ፤ ሰው ሥራ ሳይጀምር፣ እሳት ሳይነድ። እሳቱ አስቀድሞ ይታያል፤ ሐዘንተኛ እላዩ ላይ ይወድቃል አለች አልጣሽ። እሑድ አይሆንም፣ የበዓል ቀንም አይሆንም፣ ለዕድሜ ልክ በዓሉን ያከብድባታል አሉ አያ ታፈረ፤ በሰባት ዓመት ውስጥ ከአፋቸው የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ነው። አረጋ፣ ሻምበሉ ወታደር ስለሆነ አያውቅበትም፣ ሽማግሌ መላክ ነበረበት አለ።

ጥሩሰው ግን እንደሁልጊዜው አልተከራከረም። ጠየቀ። አንገቱን ደፍቶ፣ አንድ በአንድ ጠየቀ። በሩን ማን ያንኳኳል? ስንት ሰው ይገባል? የመጀመሪያው ቃል ምንድን ነው? እኛ ለክርክሩ እየተዘጋጀ ነው ብለን እየተሽቀዳደምን መለስንለት። በር የምታንኳኳው የምትወዳት ጎረቤት ናት። የንስሓ አባት መኖር አለባቸው። ሁለት ጠንካራ ሰው በግራና በቀኝ ቁጭ ይላል፤ ልትወድቅ ነውና ይደግፏታል። ተናጋሪው ሳይቀመጥ አይናገርም፤ እንግዳ ሆኖ አይናገርም።

"ሌላ ልጅ ካላትስ?" አለ ጥሩሰው። "እሱ ምኑን ይይዛል?"

የፊልሟ እናት ሌላ ልጅ የላትም። ከበሩ በኩል አባ ወልደ ኪዳን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዕድሜ ልካቸውን ያልረገጡትን የቪዲዮ ቤት ደፍ ተሻግረው ገብተው ነበር፤ ጥምጥማቸው ጣሪያውን እንዳይነካ ጎንበስ ብለዋል። የእትየ የሺሃረግ የንስሓ አባት እሳቸው ናቸው።

"እሱ ምንም አይዝም፣ ልጄ" አሉ። "ከጎኗ ይቀመጣል። እሱም እኮ ሐዘንተኛ ነው፤ እሱም ደጋፊ ያስፈልገዋል።"

ጥሩሰው ቀና ብሎ አያቸው። ተነሥቶ፣ ነጠላውን አስተካክሎ፣ ሰላምታ ሳይሰጥ ወጣ። እኔ ተቀይሞኝ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ነገ ቤቱ ሄጄ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ አልኩ። እሑድ ግን ድፍረቱን አጣሁና ሳልሄድ ቀረሁ።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ጥሩሰው ነው። ጋቢውን ተከናንቧል፤ ዓይኑ አብጧል።

"መምህር፣ ቅዳሜ እንደተነጋገርነው ነው" አለኝ። "አባ እየመጡ ነው። አያ ታፈረንም ቀስቅሻለሁ።"

"የምን?" አልኩት፤ ይህን የሚጠይቅ ጅል አፍ የተሰጠኝ እኔ ነኝ።

"የምስጋኑ" አለኝ።

ቁልቁለቱን እየወረድን ነገረኝ። አምና ሰኔ ላይ ከደሴ የተላከለትን የጥላ ዘርፍ ሊቀበል ጋሸና ሄዶ ነበር። ከጭነት መኪና ላይ አንድ የማያውቀው ሰው መልኩ ቢያደናግረው ሳያስበው በምስጋኑ ስም ጠራው። ጥሩሰው ደንግጦ ቀረብ ሲል ሰውዬው ስህተቱ ገባው፤ የምስጋኑ የጦር ጓደኛ ነው። ጥሩሰውም ወንድሙ ነኝ አለው። መኪናው ሞተሩን አላጠፋም፤ ሹፌሩ መሪውን ይዟል። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ፣ ወንድምህ አይመለስም፣ እኔ ነኝ የቀበርኩት፣ ብሎ የተቀበረበትን ቦታ ስም ነገረው፤ እግዜር ያጥናህ እያለ መኪናው ወሰደው። ጥሩሰው ዘርፉን ተቀብሎ ቤቱ ተመለሰ። ሰባት ወር ሙሉ ለማንም አልተናገረም። ለሽማግሌ ብናገር በማግስቱ እናቴ ቤት ይገባሉ፣ እኔ ደግሞ እንዴት ተብሎ እንደሚነገር አላውቅም ነበር፣ እኔ የሰማሁት በዚያ ዓይነት ነዋ፣ አለኝ። ቅዳሜ ማታም ካሴቱ አልመጣም ብሎ ነው ለእናቱ የነገራቸው።

ሊቶን ከሞት ሲሟገትለት የነበረው የወንድሙን መቃብር እያወቀ ነው። እኔ ደግሞ አልሰማ ያልከው አንተ ነህ አልኩት። ይቅርታ ልለው ፈለግኩ፤ እጁን ብቻ ያዝኩት። እሱም አልነጠቀኝም።

ሁሉንም ባልነው መሠረት አደረግን። በሩን አልጣሽ አንኳኳች። እሳቱን አየች፤ የተዳፈነ ነው፤ አመድ ጨመረችበት። አያ ታፈረና አረጋ በግራና በቀኝ ተቀመጡ። አባ ወልደ ኪዳን ዱካው ላይ ተቀምጠው መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። እትየ የሺሃረግ ከአንዳችን ወደ አንዳችን ሲያዩ ቆይተው ልብሳቸውን ከደረታቸው ላይ ጨበጡ። አባ ሳይቸኩሉ፣ በክርስትና ስማቸው ጠርተው፣ ነገሯቸው።

ጩኸታቸውን አልጽፈውም። ወደቁ፤ ደገፍናቸው። ጎረቤት ሰምቶ መጣ። እንደዚያ ሆኖ ብዙ ከቆየ በኋላ ድምፃቸው አለቀና ቀና አሉ። ጥሩሰው ከጎናቸው፣ አባ እንዳሉት፣ እጁን ጭኖቹ መሃል አድርጎ ተቀምጧል። ወደ እሱ ዞሩ።

"አንተ መቼ ሰማህ?" አሉት።

"አምና ሰኔ፣ እናቴ።"

"ማን ነገረህ?"

"መኪና ላይ የነበረ ሰው። ጋሸና።"

"ማን ደግፎህ ነበር?"

ጥሩሰው፣ ላሊበላን በሙሉ በ"አንድም" የረታው ሰው፣ ራሱን ወዘወዘ።

እትየ የሺሃረግ የሚደግፏቸውን ሰዎች እጅ አላቀቁ። ጭንቅላቱን ስበው ደረታቸው ላይ አደረጉና እንደገና ጮኹ፤ አሁን የሚጠሩት ግን የምስጋኑን ስም አልነበረም። "ጥሩሰው ልጄ፣ ሰባት ወር ብቻህን አለቀስክ ወይ" አሉ። ያን ጊዜ ሰውዬው ፈረሰ። አያ ታፈረና አረጋ ከእናቱ ግራና ቀኝ ተነሥተው የሱን ግራና ቀኝ ያዙ፤ አልጣሽ እግሩ ሥር ተቀመጠች። እኔም ትከሻውን ከኋላ ይዤ አለቀስኩ። እስኪበቃው ድረስ ማናችንም አልለቀቅነውም።